«የለኝም» ያልኩበት ፍል ውኃ

ሰው የሚያውቀውን ቃል ሳያውቀው ሊቀር ይችላል?

ከጃፓን ከተመለስኩ ጀምሮ ራሴን ይህንኑ እጠይቃለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። መዝገበ ቃላት የሚመልሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባገኘሁት ነበር፤ ቤቴ ውስጥ አራት አሉ።

ነገሩ ትንሽ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ፣ አንድ ፎርም ላይ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ዋሽቼ ይሁን ተሳስቼ አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር ይረሳው ነበር። እኔ ግን ከፎርም ጋር የቆየ ጠብ አለኝ።

ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንደኛ ክፍል፣ ከማታ ተማሪዎች ጋር። ከዚያ በፊት ፎርም ሲመጣ ሰው ይሞላልኝ ነበር። አንዱ የቀበሌ ጸሐፊ ዕድሜዬን በሦስት ዓመት ቀነሰው። «ለሴት ልጅ ይኼ ስጦታ ነው» ብሎ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ያ ቀልዱ ፓስፖርቴ ላይ ወጣ፣ ዲቪው ላይ ወጣ፣ ተከትሎኝ ዳላስ ገባ። ማንበብ የቻልኩ ዕለት ለራሴ ሁለት ነገር ማልኩ፤ ፎርሜን ማንም አይሞላልኝም፣ እኔም ሐሰት አልጽፍበትም። ያችን ዕድሜ ግን ማረም አልቻልኩም። በጻፍኳት ቁጥር፣ የሰው ውሸት እየገለበጥኩ ነው እንጂ የራሴ አይደለም እያልኩ እጽናናለሁ።

ሥራዬም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ዳላስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ብራንች ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከውስጡ ዕቃ ጋር መስማማቱን አያለሁ። ላዩ «ብሎን» ካለ ውስጡ ብሎን መሆን አለበት። አብረውኝ የሚሠሩት ያገሬ ልጆች «እትዬ፣ አንዷን ዝም ብለው ቢያሳልፏትስ ምን ይመጣል?» ይሉኛል። አላሳልፋትም። በዕረፍት ቀኖቼ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ድረስ እየነዳሁ ስማር ስምንት ዓመት ፈጀሁና ታኅሣሥ ላይ ዲግሪዬን ያዝኩ።

ልጄ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አሜሪካ የገባችው በአምስት ዓመቷ ስለሆነ አማርኛዋ እንግሊዝኛውን ተደግፎ ነው የሚሄደው። በተመረቅኩ ማግስት ሜስኪት ከተማ እኔ ቤት መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። በረዶ፣ እንፋሎት፣ የእንጨት ቤት።

«እማዬ፣ የምርቃት ስጦታሽ ጃፓን ነው። ሆት ስፕሪንግ። ሆቴሉን ቡክ አድርጌዋለሁ፣ ሪፈንድ የለውም፤ ሶ አልሄድም የሚባል ነገር የለም።»

«ፍል ውኃ ማለትሽ ነው?»

«ያ፣ ያ። ፍል ውኃ።»

ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ ለምታስቀድሰው ወዳጄ ብነግራት ዓይኗ ፈጠጠ።

«ፍል ውኃ? ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ምንም።»

«ደኅና ሰው ፍል ውኃ ይሄዳል? ወገብሽ ነው፣ አይደል? ብትነግሪኝ ምናለበት፣ እኔም ያው ነኝ።»

«ወገቤ ደኅና ነው። ለመዝናናት ነው።»

«እሺ፣ ደብቂኝ! ብቻ ስትመለሺ በጠርሙስ ቀድተሽ አምጪልኝ።»

አልፈረድኩባትም። እኔ ባደግሁበት አገር ፍል ውኃ የሚሄደው ሐኪም ያሰለቸው ሰው ነው። ሳያመኝ፣ ስለት ሳልሳል፣ በአውሮፕላን ተሳፍሬ ለመዘፍዘፍ ብቻ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥር ላይ ሄድን። ከቶኪዮ በባቡር፣ ከባቡር ጣቢያው በሆቴሉ ሚኒባስ። የመንገዱ ግራና ቀኝ የበረዶ ግድግዳ ነው፤ ከሚኒባሱ ጣሪያ ይበልጣል። ዳላስ አንድ ጣት በረዶ ሲጥልባት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዳቦ ከሱቅ ይጠፋል፣ ሀይዌይ ላይ መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። እዚያ ግን አንዲት ሴት ጣሪያዋ ላይ ቆማ በረዶ በአካፋ ትዝቃለች፤ ሌላ ሰው ግቢውን እንደሚጠርግ። ያንን እየተንሳፈፈ የሚወርድ ለስላሳ ነገር ማስታወሻዬ ላይ ልጽፈው ብዬ ቃል አጣሁለት። «በረዶ» የምንለው ጠጠሩንም፣ ይኼንንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም በአንድ ጆንያ ነው የሚከተው። «አመዳይ» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሰረዝኩት።

ሆቴሉ በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ልጄ ከቡትስዋ ጋር ስትታገል እኔ ቀድሜ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄድኩ። እዚያ ያለው ወጣት ፎርሙን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ፤ እኔም እንዳደግሁበት በሁለት እጄ ተቀበልኩት። እንግሊዝኛችን ሳይገናኝ በዚሁ ተግባባን።

«ልሙላልሽ?» አለች ልጄ ከኋላዬ።

«አትሞዪልኝም።»

ከጃፓንኛው ሥር እንግሊዝኛ አለው። የማይስማማዎት ምግብ አለ? የለም። ወለል ላይ ተነጥፎልዎ መተኛት ይችላሉ? እችላለሁ፤ አድጌበታለሁ። ሰውነትዎ ላይ ታቱ አለ?

የለም።

እጄ አላመነታም። ታቱ ማለት ለእኔ የመጋዘኑ ልጆች ክንድ ነው፤ ዘንዶ፣ ጽጌረዳ፣ የተጣሏት ፍቅረኛ ስም። አንገቴ ላይ ሻርፕ ጠምጥሜ ነበር፤ ለብርዱ።

ልጄ የራሷን ፎርም በባንኮኒው ወዲያኛው ጫፍ ሞላች። ከወጣቱ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ተነጋገረች፤ አንዲት ትንሽ ፖስታም ሰጣት። ስለ ቁርስ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ክፍላችን ገብተን ሻንጣ እንኳ ሳንከፍት፣ መስኮቱን እያየች፣ «እማዬ፣ አብረን አንገባም፣ ኦኬ?» አለችኝ። «ማለቴ፣ ሁሉም ሰው ራቁቱን ነው። ዊርድ ይሆናል።»

«እግዜር ይስጥሽ! እኔም እንዴት ልበላት እያልኩ ነበር።»

ተስማማን፤ እኔ ጎሕ ሲቀድ፣ እሷ ከእራት በፊት።

እራት ላይ ሆቴሉ የሚሰጠውን መቀነት ያለው ሰማያዊ የጥጥ ልብስ ለብሰን ተቀመጥን። ያ እራት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አሥራ አንድ ሳህን ቆጠርኩ፤ እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ዕቃ፣ የራሱ ቦታ አለው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይነካካም። ካርቶን ሲያመሳስል ለሚውል ሰው ከዚህ የበለጠ ዕረፍት የለም። ልጄ እግሯን ስታጥፍ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ቆዳ የሚመስል ፕላስተር አየሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ቡትሱ ላጠኝ።»

«ቅባት አለኝ፣ ላምጣልሽ?»

«ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ፋይን። ዓሣሽን ብዪ።»

ፕላስተሩ የተለጠፈበት አኳኋን በጣም ቀጥ ያለ ነበር። የፋርማሲ ሰው ናት አልኩ።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ነቃሁና በሆቴሉ ነጠላ ጫማ እየተንሸራተትኩ ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ወረድኩ። ማውለቂያው ክፍል ባዶ ነበር። ሻርፔን ፈታሁ፣ ልብሴን ቅርጫት ውስጥ አጣጥፌ አስቀመጥኩ፣ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ። የሰው ጀርባ ነው፤ ከትከሻ እስከ ወገብ የተሣለበት፤ በላዩ ቀይ መስመር አልፎበታል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ታቱ ያለባቸው እንግዶች እንዲገቡ አይፈቀድም» ይላል።

ከሥዕሉ ጎን መስታወት ነበረ። መስታወቱ ውስጥ እኔ ነበርኩ።

አንገቴ ላይ ሦስት መደዳ ንቅሳት አለኝ፤ ከመካከሉ ትንሽ መስቀል። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የተነቀስኩት። በመርፌ የታወቀች ሴት ከማዶ ተጠርታ መጣች፣ አክስቶቼ እጅና እግሬን ያዙ፣ እናቴ «ዝም በዪ፣ አንገትሽ ይመርልሽ» አለችኝ። ያልተነቀሰች አንገት በዚያ ሰፈር ባዶ ትባል ነበር። ሴትዮዋ እግረ መንገዷን ድዴንም ነቀሰችው። ያ ሁሉ ከሆነ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እንደ ቅንድቤ አየዋለሁ፤ ማለትም አላየውም።

ታቱ። ንቅሳት። ራቁቴን ቆሜ ሁለቱን ቃላት አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥኳቸው። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በአማርኛ በር የሚገባበት ያው አንድ ቤት ነው። ላዩ «የለም» ይላል፣ ውስጡ አለ። በመጋዘኑ ቋንቋ፣ ካርቶኑ ተመላሽ ነው።

ልብሴን መልሼ ለብሼ ወጣቱ ዘንድ ልሄድ አሰብኩ። ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ ልለው። እሱስ ምን ይላል? አንገትና ድድ እንዴት ይሸፈናል? ሦስት ቀን ሙሉ ውኃውን በመስኮት እያየሁ ልቀመጥ? ልጄስ? ስንት ሽፍት ደራርባ የከፈለችበት ስጦታ፣ እናትሽ መግባት አትችልም ሲሏት ፊቷ ምን ይመስላል? ዝም ካልኩ ደግሞ ያንን መሐላዬን፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረውን፣ ለሙቅ ውኃ ሸጥኩት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ በረደኝ። ገባሁ።

በአጭር ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተፈግፍጎ መታጠብ ይቀድማል። ታጠብኩ፤ ከበደሌ ጋር ንጹሕ ሆንኩ። ገንዳው ከድንጋይ ነው፤ በአንድ በኩል ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ውጭ በረዶው ድንጋዮቹ ላይ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ተቀምጧል። ውኃው የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። እስከ አገጬ ሰመጥኩ። ማንም የለም። አጥንቴ አንድ በአንድ ሲላላ ተሰማኝ፤ ስምንት ዓመት አርሊንግተን ስመላለስ ትከሻዬ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ወረደ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ባልቴት ገቡ። ትንሽ፣ ጎበጥ ያሉ፣ ሰማንያን ያለፉ። ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ፤ እኔም ከአገጬ በላይ ባለው ብቻ ጎንበስ አልኩ፤ አፍንጫዬ ውኃ ነካ። ፎጣቸውን አጥፈው እንደ አገሩ ልማድ አናታቸው ላይ አስቀምጠው ከፊት ለፊቴ ተዘፈዘፉ።

እንግዲህ መውጣት አልችልም። ከወጣሁ አንገቴ ይታያል። እሳቸውም አይወጡም። ዐሥር ደቂቃ ሄደ። ሃያም ሳይሞላ አልቀረም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል። ባልቴቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ እንዳሉ ነው፤ ፍል ውኃ ውስጥ የተወለዱ ይመስላሉ። ከእሳቸው ጋር ተወዳድሬ እንደማላሸንፍ ሲገባኝ ተነሣሁ፤ ስነሣ ዓለም ዞረ። ጠርዙን ያዝኩ። ዓይኔን ስከፍት ባልቴቷ ክንዴን ይዘውኝ ነበር።

አንገቴን አዩት። አየሁ ሲያዩት። መደዳዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደሚያነብ ሰው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ለስንት ዓመት እንዳዩት እግዜር ይወቀው። አንድ ነገር አሉኝ፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ከዚያ ፎጣቸውን ከአናታቸው አነሡ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከሩ፣ ጨመቁና አንገቴ ላይ ዞር አድርገው አኖሩልኝ። ሊያቀዘቅዙኝ ይሁን ሊሸፍኑኝ አላውቅም፤ በመርፌ ተነቅሶ የተጻፈ ነገር የለም። እጄን ይዘው እስከ ወንበሩ አደረሱኝ።

በሁለተኛው ጠዋት ቀድመውኝ ተገኙ። የእኔን ፎጣ ጠቆሙና፣ አናት ላይ ሳይሆን አንገት ላይ፣ ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ጠመጠምኩት። እሳቸውም የራሳቸውን ከአናታቸው አውርደው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ። እንደዚያ ሆነን ወደ ውጭው ገንዳ ወጣን። በረዶ ፀጉራችን ላይ ይወርዳል፣ ከሥር ውኃው ይፈላል። ሌሎች ሁለት ሴቶች ገቡና አዩን፤ ባልቴቷ አንድ ነገር ተናግረው አሳቋቸው። ምን ብለው ይሆን? «የዘንድሮ ፋሽን ነው» ብለው ቢሆን አይገርመኝም። በሦስተኛውም ጠዋት እንዲሁ። ሳንነጋገር ሦስት ቀን ያህል እንዲህ የተግባባሁት ሰው ትዝ አይለኝም፤ ደስታዬም ሦስት ቀን ሙሉ አልጎደለም። ጥፋቴ አጠገቤ ተቀምጦ አብሮኝ ይሞቅ ነበር እንጂ አልነከሰኝም።

ስንወጣ ወጣቱ በር ድረስ ሸኘን፤ በሁለት እጁ ለየራሳችን የሩዝ ብስኩት ሰጠን። አሁን ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ድዴ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ሜስኪት በገባሁ ማግስት የቃላት ደብተሬን አወጣሁ። እንግሊዝኛ ስማር የማላውቀውን ቃል በሙሉ በግራ በኩል፣ ትርጉሙን በቀኝ በኩል እጽፍ ነበር፤ ሰባት ደብተር ሞልቷል። ሦስተኛው ውስጥ አገኘሁት። በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያኔ በምጽፈው ክብ ክብ ፊደል፦ «ታቱ፦ ንቅሳት።»

አውቀው ነበር ማለት ነው። ጽፌዋለሁ፣ አጥንቼዋለሁ፣ ጎኑ ላይ በቃሌ ስይዘው ያደረግሁት ምልክት እንኳ አለ። ታዲያ ያች እጄ ፎርሙ ላይ ስትወርድ ቃሉ የት ነበር? ሻርፑን የጠመጠምኩት በእውነት ለብርዱ ነበር?

ለወዳጄ በትንሽ ጠርሙስ ያመጣሁላትን ውኃ ሰጠኋት። ወገቧን ተቀብታው «እልል፣ ለቀቀኝ» ብላ ለቅዳሴው ሰው ሁሉ አወራች፤ ለእሷ የፎርሙን ነገር መንገር ለማኅበሩ መንገር ነው። ንስሓ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሌላ ሌላውን ተናዝዤ ተመለስኩ፤ ጃፓን የሞላሁት ፎርም እንዴት ተብሎ ይነገራል? ለሆቴሉ ኢሜል ጀመርኩ፣ ሁለት መስመር ጽፌ ተውኩት። ክረምቱ እንዲህ አለፈ፣ በጋውም እንዲሁ።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ልትጠይቀኝ መጣች። ዳላስ አሁንም ኤሲ የምታስከፍትበት ወር ነበር። እኔ ከጃፓን ባመጣሁት አመል፣ እግሬን ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ ሳፋ ውስጥ ከትቼ አነብ ነበር።

«ካልሲሽን አውልቂና አንቺም ክተቺ።»

«ኖ፣ በርዶኛል።»

«በዚህ ሙቀት?»

ካልሲዋን ወደ ላይ ሳበች። መጽሐፌን ዘጋሁ። «አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «የሆቴሉ ፎርም ላይ ዋሽቻለሁ። ወይም ተሳስቻለሁ። አላውቅም።»

«ዌይት። ምን ብለሽ?»

«ታቱ የለኝም ብዬ።»

«ታቱ የለሽማ።»

የሸሚዜን ኮሌታ ወደ ታች ሳብኩት። «ይኼስ?»

አንገቴን አየችው፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ወድቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እማዬ! እሱ እኮ አንገትሽ ነው! ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ታቱ ብዬው አላውቅም፣ አይ ስዌር።»

ሦስተኛውን ደብተር አመጣሁና ገጹን አሳየኋት። «እኔ ግን አውቄዋለሁ። ይኸው።»

«ሶ ዋት? ደብተሩ አንገትሽን አይቶት አያውቅም።»

«ፎርሙ ግን ፎርም ነው። አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪ ነበር?»

ሳቋ ቆመ። ወደ እግሯ አየች። «እኔማ… የስ ነው ያልኩት።»

«ምን?»

«ፖስታውን አላየሽም? ፕላስተር ነበር ውስጡ። ትንሽ ከሆነ ሸፍነሽ ግቢ ይላሉ።»

«ለማታውቂው ሰው እውነቱን ነግረሽ፣ ለእኔ 'ቡትሱ ላጠኝ'?»

«አንቺስ?»

ካልሲዋን ዝቅ አደረገች። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፣ በጥቁር፣ በእኛ ፊደል፣ አራት ፊደላት፦ ትግስት።

«አራት ዓመት ሆነው» አለች። «ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው።»

መነጽሬን አደረግሁ። «ትዕግሥት ለማለት ነው?»

«ያ። ካንቺ ነው የወሰድኩት። ሁልጊዜ የምትዪኝ እሱን አይደል?»

«ዓይኑ ዕ የት ሄደ?»

«ምን?»

«ሥ ደግሞ ንጉሡ ነው። ይኼ እሳቱ ነው።»

«ኖ! እማዬ፣ ፕሊስ፣ ታይፖ አለው እንዳትዪኝ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ንጉሡን ማዳን አይቻልም ነበር። በ«ት» እና በ«ግ» መካከል ግን አንዲት ቀጭን ፊደል የምታስገባ ቦታ አለች።

«እስክሪብቶ አቀብዪኝ» አልኳት።